ብሮሹር ማለት ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ከጽሑፍና ከማተሚያ ቤት ስለማይርቅ ስለዚህ ቃል ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አንዱ አጻጻፉን ይጠይቃል፣ ሌላው ከፍላየር በምን እንደሚለይ፣ ሌላው ደግሞ «አማርኛው ምንድን ነው?» ይላል። ለእያንዳንዱ በየተራ ከመመለስ አንድ ቦታ ሰብሰብ ላድርገው ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብሮሹር በአጭሩ ምንድን ነው?

ድርጅትን፣ ዕቃን፣ አገልግሎትን ወይም ቦታን የሚያስተዋውቅ፣ ገጹ ጥቂት፣ ሽፋኑ ስስ የሆነ የታተመ ጽሑፍ ነው። ሥዕል ይበዛዋል፣ ጽሑፍ ያንሰዋል። አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ይታደላል።

ይኼ የዛሬው ትርጉሙ ነው። የድሮው ሌላ ነው፤ ነገሩ የሚጥመውም እዚያ ጋ ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

ከፈረንሳይኛ። «ብሮሼ» የሚል ግስ አላቸው፤ መስፋት ማለት ነው፣ በተለይ ወረቀቶችን አንድ ላይ አድርጎ በክር መስፋት። ከዚያ ግስ «ብሮሹር» የሚለው ስም ወጣ። መጀመሪያ የስፌቱን ሥራ ራሱን፣ ቀጥሎ ደግሞ የተሰፋውን ነገር መጥሪያ ሆነ። ቃሉን እንዳለ ወደ አማርኛ ብናመጣው «ስፌት» ወይም «የተሰፋ» ነው የሚሆነው። ማስታወቂያ የለበትም። ገበያ የለበትም። መርፌና ክር ብቻ።

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ግሱ ራሱ የመጣው «ብሮሽ» ከሚባል ስም ነው። ሹል የሆነ መውጊያና መብሻ ሁሉ ብሮሽ ይባል ነበር፤ ሥጋ ተሰክቶ የሚጠበስበት ዘንግም፣ ቆዳ መብሻውም። እኛ ወስፌ የምንለው ዓይነት ማለት ነው። በድሮው ፈረንሳይኛ ግሱ መውጋትና መብሳትም ማለት ነበር፤ ፈረስን ተረከዝ ላይ በሚታሰረው ሹል ብረት ጎሰም አድርጎ ማስጋለብም በዚሁ ቃል ይነገር ነበር። ወረቀት ለመስፋት መጀመሪያ መብሳት ግድ ስለሆነ የወስፌው ስም ወደ ስፌቱ ተሻገረ፣ ከስፌቱ ደግሞ ወደ ተሰፋው።

ከዚያም አልፈን ከሄድን ላቲን ላይ እንደርሳለን። ላቲኑ «ብሮኩስ» ነው። ወደ ፊት የወጣ፣ ያገጠጠ ማለት ሲሆን በተለይ ለጥርስ ይነገር ነበር። ባጭሩ ገጣጣ። እንግዲህ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታትሞ በየእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የሚደረደረው ያ ሁሉ ባለ ግርማ ነገር ቅድመ አያቱ ገጣጣ ጥርስ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ጥርሳቸውን ብልጭ ያደረጉ ሰዎች ፎቶ ያለበት ብሮሹር ሳይ ሳቄ ይመጣል።

ታዲያ ስፌት እንዴት ብሎ ማስታወቂያ ሆነ?

በሦስት ደረጃ፣ ግን ቀስ ብሎ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ መጽሐፍ እንደ ዛሬው ተጠናቆ አይሸጥም ነበር። ብዙ ጊዜ ወረቀቶቹ ታጥፈው፣ በክር ላላ ተደርገው ተሰፍተው፣ ከላይ ስስ ወረቀት ለብሰው ነበር ለገበያ የሚወጡት። የገጾቹ ጠርዝ እንኳ አልተቆረጠም፤ አንባቢው ቢላ ይዞ እጥፋቱን እየሰነጠቀ ነበር የሚያነበው። አቅም ያለው ገዢ ወደ ጠራዥ ወስዶ በወደደው ቆዳ ያስጠርዘዋል። ቆዳ ደግሞ ውድ ነው። ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ትልቅ መጽሐፍ ከሆነ ወጪው አይቆጭም። ሃያ ሠላሳ ገጽ ለሆነች፣ ስለ ሰሞኑ ጭቅጭቅ ለተጻፈች ነገር ግን ማን ቆዳ ያለብሳታል? እንደተሰፋች ትቀራለች። እንዲህ እንዲህ እያለ «የተሰፋ» ማለት «አጭር፣ ቀላል፣ ቶሎ የሚነበብ ጽሑፍ» ማለት ሆነ።

እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው በዚህ ትርጉሙ ነው። በ1748 በጽሑፍ እናገኘዋለን። ያን ጊዜ ብሮሹር ሲባል ስለ ሃይማኖት ክርክር፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ግብር የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ዕቃ ማስተዋወቅ ሥራው አልነበረም።

ማስታወቂያው የመጣው ኅትመት ሲረክስ ነው። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በ1814 በእንፋሎት በሚሠራ ማሽን መታተም ጀመረ። ወደ ክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ደግሞ ወረቀት ከጨርቅ ብጣሽ ሳይሆን ከእንጨት መሠራት ጀመረ፤ ዋጋው ወረደ። ቀለም ያለው ሥዕል ማተምም እየቀለለ ሄደ። ነጋዴው፣ የባቡሩና የመርከቡ ኩባንያ፣ ሆቴሉ፣ ሁሉም ስለ ራሱ ብዙ ወረቀት አሳትሞ በነጻ መበተን አዋጪ መሆኑን ያየው ያኔ ነው። ለዚህ የሚመች ቅርጽ ደግሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ቀጭን፣ ቆዳ የማይፈልግ፣ ኪስ የሚገባ። ቃሉም አብሮ ሄደ።

ልብ በሉ፤ ቃሉ መጀመሪያ የሚነግረን ነገሩ እንዴት እንደተሠራ ነበር። ዛሬ የሚነግረን ለምን እንደተሠራ ነው። ለዚህ ነው አንድም ስፌት የሌለበትን ወረቀት ብሮሹር ብለን ስንጠራ ማንም ቅር የማይለው።

ከብሩሽ ጋር ዝምድና አለው?

የለውም። ድምጻቸው ነው የተቀራረበው።

እውነተኛ ዘመዶቹ ሌሎች ናቸው። ልብስ ላይ በመርፌ የሚሰካው ብሮች የሚባለው ጌጥ ከዚያው ከ«ብሮሽ» የወጣ ነው። ብሮኬድ የሚባለው ጥለቱ ከጨርቁ ወጣ ያለ ጨርቅም በጣልያንኛ በኩል እዚያው ይደርሳል። ከሁሉ የሚገርመው ብሮኮሊ ነው፤ ጣልያንኛው «ትንሽ ቀንበጥ» ማለት ነው፣ ከግንዱ ወጣ ወጣ ብሎ የሚታየው። ሹል ነገር፣ ያገጠጠ ነገር ባለበት ሁሉ ይህ ቤተሰብ አለ።

ብሮሹር፣ ብሮሸር ወይስ ብሮቸር?

እኔ ብሮሹር ነው የምጽፈው። በጽሑፍ በብዛት የሚታየውም ይኼ ነው፤ ለፈረንሳይኛው አነባበብም ይቀርባል። «ብሮሸር» የሚሉት እንግሊዞቹ የመጨረሻውን ክፍል ዋጥ አድርገው ሲጠሩት የሰሙ ናቸው፤ አሜሪካኖቹ ግን መጨረሻው ላይ ጫን ስለሚሉ የእነሱ ራሱ «ብሮሹር» ይመስላል። ስለዚህ ብሮሸር ያለውን ሰው አላርምም።

«ብሮቸር» ግን ስህተት ነው። የላቲኑን ፊደል አይቶ እንደ እንግሊዝኛ «ቸ» ብሎ ከማንበብ የመጣ ነው። ፈረንሳይኛ ላይ ያ ፊደል «ሸ» ነው፤ ሼፍ፣ ሻምፓኝ፣ ማሽን የምንለው ለዚህ ነው።

ሲበዛ ብሮሹሮች ነው። «ብሮሹርሶች» የሚልም ሰምቻለሁ። በሁለት ቋንቋ አብዝቶታል።

ፓምፍሌትስ? እሱም ብሮሹር አይደለም እንዴ?

በቅርጽ ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም ቀጭን፣ ሁለቱም ስስ ሽፋን። ልዩነታቸው ጠባያቸው ላይ ነው። ፓምፍሌት ሊያሳምን፣ ሊያስተምር ወይም ሊከራከር ይመጣል። ብሮሹር ሊሸጥ ይመጣል። የጤና ትምህርት የያዘችውን ትንሽ ጽሑፍ ፓምፍሌት፣ የጤና ተቋሙን ክፍሎችና መሣሪያዎች በፎቶ የሚያሳየውን ብሮሹር ብትሉ አትሳሳቱም።

የቃሉ ታሪክ ግን ከብሮሹርም ይብሳል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በላቲን የተጻፈ አንድ የፍቅር ግጥም ነበር። ጀግናው ፓምፊሉስ ይባላል፤ ስሙ ግሪክኛ ነው፣ «በሁሉ የተወደደ» እንደማለት። ግጥሙ አጭር ነው፣ ግን ተወዳጅ ሆነ። ከሌላ ጽሑፍ ጋር ሳይዳበል ለብቻው በጥቂት ወረቀት እየተገለበጠ ይዞር ጀመር። ሰው አቆላምጦ «ፓምፊሌት» አለው፣ ትንሹ ፓምፊሉስ። ቆይቶ የትኛውም ለብቻው የሚዞር ቀጭን ጽሑፍ በዚሁ ስም ተጠራ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ በዚህ ሰፊ ትርጉሙ ይገኛል። የአንድ አፍቃሪ የቁልምጫ ስም ነው እንግዲህ፣ ዛሬ «የክትባት ፓምፍሌት» ስንል የምንጠራው።

ፍቅሩ ግን ብዙም አልዘለቀም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ፓምፍሌት ዋናው የመሰዳደቢያ መሣሪያ ሆነ። ንጉሡን የሚደግፈውም፣ ምክር ቤቱን የሚደግፈውም፣ እያንዳንዱ የሃይማኖት ወገን አሳትሞ ይበትናል። ጆርጅ ቶማሰን የሚባል የለንደን መጽሐፍ ሻጭ ከ1640 ጀምሮ እስከ 1661 ድረስ እነዚህን ወረቀቶች ሰበሰበ። ወደ 22,000 የሚጠጉ ናቸው፤ አሁን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ሌላው አንብቦ የጣለውን ይህ ሰው ለቀም ባያደርገው የዚያን ጊዜ የመንገድ ላይ ወሬ አብዛኛው ጠፍቶ ይቀር ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፈረንሳይኛ የሚናገር ሰው ጋ ሄዳችሁ «የድርጅታችን ፓምፍሌት ይኸውና» እንዳትሉ። በእነሱ ቋንቋ ፓምፍሌት ማለት ዛሬም ቢሆን ሰውን ወይም ተቋምን አብጠልጥሎ የሚያጥላላ ጽሑፍ ነው።

ኤ4 ወረቀት ለሦስት ታጥፎ ሲሰጠኝስ? ብሮሹር ነው?

በዛሬ አነጋገር አዎ። በቃሉ ሥር ከሄድን ግን አይደለም፤ ስፌት የለውማ። ፈረንሳዮቹ ለዚህኛው «ዴፕሊያን» የሚል የተለየ ስም አላቸው፣ የሚዘረጋ ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ወረቀት የምታሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የኤ4 ርዝመቱ 297 ሚሊሜትር ነው። ለሦስት እኩል ስታካፍሉት 99፣ 99፣ 99 ይወጣል። ሒሳቡ ያምራል፣ ወረቀቱ ግን እንቢ ይላል። ወደ ውስጥ የምትገባው ክንፍ ከሌሎቹ ትንሽ ካላነሰች እጥፋቱ ጋ ትጨናነቅና ትጎብጣለች። ስለዚህ 100፣ 100 እና 97 ይደረጋል። ጠባቧ የትኛዋ እንደሆነች አታምታቱ፤ በፊት ለፊቱ በኩል አንድ ጫፍ ላይ ናት፣ ወረቀቱ ሲገለበጥ ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ላይ ትሄዳለች። እዚህ ላይ የማይሳሳት ጀማሪ ዲዛይነር አላየሁም።

በራሪ ወረቀት ከብሮሹር በምን ይለያል?

በአንድ ሉክ። በራሪ ወረቀት አንድ ሉክ ነው፤ አይታጠፍም ወይ አንዴ ይታጠፍ ይሆናል፣ አይሰፋም። ፍላየር የምንለውም እሱኑ ነው።

ግን ለምን «በራሪ» ተባለ? ሲበተን አየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ይመስለናል፣ ይኼም እውነት ነው። ደስ የሚለው ነገር ሌሎችም ቋንቋዎች ያዩት ምስል ይኸው መሆኑ ነው። ጀርመኖቹ «ፍሉግብላት» ይሉታል፣ በራሪ ቅጠል። ፈረንሳዮቹ «ፌይ ቮላንት» ይላሉ፣ እሱም በራሪ ቅጠል ነው። ፈረንሳይኛው ላይ ግን ትርጉሙ መበተንን ሳይሆን አለመያያዝን ነው የሚያሳየው። ከምንም ጋር ያልተሰፋ፣ ንፋስ ቢመጣ የሚሄድ ሉክ ማለት ነው። እንደዚያ ስታዩት ብሮሹርና በራሪ ወረቀት ተቃራኒ ናቸው። አንዱ በክር የተያዘ፣ ሌላው የተለቀቀ።

ቡክሌት፣ ካታሎግ፣ ፕሮስፔክተስስ?

ቡክሌት እንግሊዝኛ ነው፣ ትንሽ መጽሐፍ ማለት። ስለ ይዘቱ ምንም አይናገርም፤ የመዝሙር ግጥም ሊሆን ይችላል፣ የማሽን መመሪያ ሊሆን ይችላል። ሩሲያኛ ላይ ግን ተገላብጧል፤ «ቡክሌት» ታጥፎ ያልተሰፋው ሉክ ነው፣ «ብሮሹራ» ደግሞ ቀጭኗ የተሰፋች መጽሐፍ። ከሩሲያኛ የሚተረጉም ሰው እዚህ ጋ ቢጠነቀቅ ጥሩ ነው።

ካታሎግ ግሪክኛ ነው፣ ዝርዝር ማለት። ዕቃው በተራ ይደረደራል፤ ቁጥሩ፣ መጠኑ፣ አንዳንዴም ዋጋው ይጻፋል። ብሮሹር ያጓጓል፣ ካታሎግ ያስመርጣል።

ፕሮስፔክተስ ላቲን ነው፣ ወደ ፊት ማየት። ገና ያልተሠራን ነገር አስቀድሞ ለማሳወቅ ነው የሚወጣው። ዝነኛው ምሳሌ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴኒ ዲድሮ በ1750 ያወጣው ነው፤ የታላቁን የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፒዲያ ሐሳብ ዘርዝሮ አስቀድመው የሚከፍሉ ገዢዎችን ለማግኘት ነበር። የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው በዓመቱ በ1751 ነው። ዛሬ ቃሉን በብዛት የምትሰሙት አክሲዮን ሲሸጥ ወይም ትምህርት ቤት ተማሪ ሲጠራ ነው።

ስንት ገጽ ሲሞላ ነው መጽሐፍ የሚባለው?

ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ አለ። ዩኔስኮ በ1964 አገሮች የኅትመት ቁጥራቸውን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲመዘግቡ ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ፣ ሽፋኑን ሳይጨምር 49 ገጽና ከዚያ በላይ ያለው መጽሐፍ ነው። ከ5 እስከ 48 ገጽ ያለው ፓምፍሌት ነው። ብሮሹርም በዚህ ስሌት እዚያው ውስጥ ይገባል።

49 ለምን? 48 ለ16 ይካፈላል፤ አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም ወገን ታትሞ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ይሰጣል፣ ሦስቱ 48 ይሆናሉ። ውሳኔውን የጻፉት ሰዎች ይህን አስበው ይሁን አይሁን ለእኔ ቁጥሩ የማሽን ሽታ አለው።

ማተሚያ ቤቱ ገጹ ለአራት ይካፈል ያለኝ ለምንድን ነው?

ተንኮል አይደለም። አንድ ሉክ አንዴ ሲታጠፍ ሁለት ቅጠል ይሆናል፣ ሁለት ቅጠል ደግሞ አራት ገጽ ነው። ወገቡ ላይ በሚሰፋ ነገር ውስጥ ከአራት ያነሰ ገጽ መጨመር አይቻልም። 8፣ 12፣ 16፣ 20 እያለ ነው የሚሄደው።

እኔም የተማርኩት በስህተት ነው። አንድ ጊዜ 18 ገጽ ሠርቼ፣ አሳምሬ፣ ፋይሉን ላክሁ። በማግስቱ ስልክ ተደወለ። «ወይ 16 ያድርጉት ወይ 20» አለኝ ሰውየው። «18 ነው እንጂ» አልኩ። ዝም አለ። ከዚያ ምንም ሳይናገር አንድ ወረቀት ሲያጥፍ በስልኩ ውስጥ ኮሽ ሲል ተሰማኝ። «ይቁጠሩት» አለኝ። ለካ እሱ በእጁ እየቆጠረ ኖሯል፣ እኔም ጠረጴዛዬ ላይ አጥፌ ስቆጥር አራት ሆነ። የሚቀነስ ገጽ ስላጣሁ ሁለት ገጽ መስመር አስምሬ ከላዩ ላይ «ማስታወሻ» ብዬ ጻፍኩበት። ብሮሹር ወይም ቡክሌት መጨረሻ ላይ ባዶ የማስታወሻ ገጽ ስታዩ ለእናንተ ታስቦ ነው ብላችሁ ብዙ አትደሰቱ።

ሌላም ጣጣ አለ። ሉኮቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ሲገቡ መካከል ያሉት በወረቀቱ ውፍረት ልክ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ገጹ በበዛ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ጠርዙ ሁሉ እኩል ይቆረጣል። ስለዚህ የመሀል ገጾች ከዳር ገጾች ትንሽ ይጠባሉ ማለት ነው። የገጽ ቁጥሩን ጠርዝ ላይ የለጠፈ ሰው መሀሉ ላይ ቁጥሩ ተቆርጦ ያገኘዋል።

ይህን ስፌት ፈረንጆቹ የኮርቻ ስፌት ይሉታል። ሉኮቹ ተከፍተው ማሽኑ ላይ ግራና ቀኝ እግራቸውን አንጠልጥለው ልክ ኮርቻ ላይ እንደተፈናጠጠ ሰው ስለሚቀመጡ ነው። ዛሬ ክሩ በሽቦ ተተክቷል። ሽቦም ቢሆን ወግቶ ነው የሚገባው፣ ከወስፌው ብዙም አልራቀም።

የድሮውን ስፌት በዓይኔ ማየት ብፈልግስ?

ሠርታችሁ እዩት፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አራት ወይም አምስት ሉክ ወረቀት፣ ትንሽ ጠንከር ያለ ሌላ ለሽፋን፣ መርፌ፣ ክር፣ ወስፌ። ወስፌ ከሌለ ወፍራም መርፌ ይበቃል።

ሉኮቹን አንድ ላይ አጥፉ። እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ ብሱ፤ አንዱ መሀል፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። አሁን መርፌውን ከውስጥ በመሀሉ ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጡት፣ የክሩን ጫፍ ግን ውስጥ አስቀሩ። በውጭ በኩል ወደ ላይ ሄዳችሁ በላይኛው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገቡ። ውስጥ ለውስጥ መሀሉን ዘልላችሁ ወደ ታችኛው ውረዱና ወደ ውጭ አውጡ። ከዚያ በመሀሉ ቀዳዳ ተመልሳችሁ ግቡ። ውስጥ ላይ ሁለት የክር ጫፍ አለ፤ ረጅሙን ክር መሀላቸው አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ቋጥሩ። አለቀ። በቀድሞ ትርጉሙ ብሮሹር ማለት ይኼው ነው።

ስትጎትቱ ክሩን በእጥፋቱ አቅጣጫ ነው መጎተት ያለባችሁ። ከእጥፋቱ አርቃችሁ ወደ ራሳችሁ ከሳባችሁት ወረቀቱን ይቀደዋል።

አማርኛ ለብሮሹር የራሱ ቃል የለውም?

እዚህ ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም መልሱ አፍንጫችን ሥር ነው ያለው።

ጠረዘ የሚል ግስ አለን። ወረቀትን ሰብስቦ መስፋት፣ ማያያዝ። ሥራው ጥረዛ፣ ሠራተኛው ጠራዥ፣ የተጠረዘው ነገር ጥራዝ። አያችሁት? ፈረንሳዩ ብሮሼ ብሎ ብሮሹር ያለውን እኛ ጠረዘ ብለን ጥራዝ ብለነዋል። ሁለቱም ከእጅ ሥራ ተነስተው ጽሑፉን የሰየሙ ናቸው። ማንም ከማንም አልቀዳም፤ መርፌ የያዘ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ሐሳብ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ። ብሮሹር እየቀጠነ ሄደ፣ ጥራዝ እየወፈረ። ዛሬ ጥራዝ ስንል ጠቅለል ያለ፣ ክብደት ያለው ነገር ነው የሚታየን። ጥራዝ ነጠቅ የሚለውን ስድብ አስቡት፤ ከጥራዙ ላይ ገረፍ አድርጎ የነጠቀ፣ ሳያላምጥ የተናገረ ሰው ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ብሮሹር አንብቦ ስለ ዕቃው ሊቅ የሚሆን ሰው ነው የመጀመሪያው ጥራዝ ነጠቅ።

ስለዚህ «የማስታወቂያ ጥራዝ» እንበል የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ሐሳባቸው ይገባኛል፤ በቃሉ ሥር ከሄድን ትክክል ናቸው። ጆሮ ግን አይቀበለውም። አንድ ሰው «የማስታወቂያ ጥራዙን ላክልኝ» ቢለኝ ሦስት መቶ ገጽ ነው የምጠብቀው። «አጭር መግለጫ ጽሑፍ» የሚለው ደግሞ ጋዜጣዊ መግለጫ ይመስላል። «በራሪ ጽሑፍ» ላልተሰፋው ነው። እኔ ብሮሹር ብሮሹር ሆኖ ይቀጥል ባይ ነኝ። ታጣፊውን ለይቶ መጥራት የፈለገ «ታጣፊ ብሮሹር» ይበል፤ የሚገባ ነው።

በውጭ አገር ድረ ገጽ መጽሐፍ ስገዛ «ብሮሼ» የሚል አየሁ። ማስታወቂያ ነው ወይ?

አይደለም፣ አትደንግጡ። ፈረንሳይኛ ላይ «ብሮሼ» የተባለ መጽሐፍ ስስ ሽፋን ያለው ማለት ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለውን «ሬሊዬ» ይሉታል። ጀርመንኛውም «ብሮሺርት» ሲል ያንኑ ነው፤ የፖርቱጋልኛው «ብሮሹራ»ም ስስ ሽፋን ያለውን አጠራረዝ ይገልጻል። ስድስት መቶ ገጽ ልብ ወለድ «ብሮሼ» ሊሆን ይችላል። የድሮው ትርጉም እዚያ ጋ አልሞተም፤ ቆዳ ያልለበሰ፣ እንደተሰፋ የቀረ።

በፒዲኤፍ የተላከልኝም ብሮሹር ይባላል?

ይባላል። ፒዲኤፍ በ1993 ሲወጣ ዋናው ዓላማ የታተመ ገጽ ምን ይመስል እንደነበር በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ ሳይዛባ ማሳየት ነበር፤ ብሮሹር ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ስፌት የለም፣ ወረቀትም የለም፣ ለአራት የሚካፈል ገጽም አያስፈልግም። 18 ገጽ ብትሠሩ ማንም አይደውልላችሁም።

ግን አንዱን ክፈቱና ተመልከቱ፣ በተለይ እንደ መጽሐፍ እየተገለጠ ኮሽ የሚለውን ዓይነት። ሁለቱ ገጽ የሚገናኝበት መሀል ላይ ዲዛይነሩ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ጥላ ሥሎበታል። ክሩ ይገባበት የነበረው እጥፋት መሆኑ ነው።